የግራጫው ዲስክ ወረቀቶች

ሰኞ

ሦስት ካርቶን፣ ሁለት ማዳበሪያ፣ አንድ ክዳኑ የተገነጠለ ሣጥን። ሁሉም የአንቺ ነው ተባልኩ።

ኃላፊያችን አቶ ዳዊት ጠዋት ጠርቶኝ "መሲ፣ ያ ስቶር እስከ ዓርብ ይለቀቅ" አለኝ። አዲስ ሰርቨር ይመጣል፣ ክፍል ያስፈልገዋል። ሰርቨሩ "እየመጣ ነው" ከተባለ አራት ዓመት ሆነው። ላም አለኝ በሰማይ። ወረቀቱ ግን በአምስት ቀን መጥፋት አለበት።

ሥራዬ ይሄ ነው፦ ከቢሮውም ከወረዳዎቹም የተጠራቀመውን የድሮ የኮምፒዩተር ድጋፍ ወረቀት አንድ በአንድ ማየት፣ የሚጠቅም ካለ መለየት፣ በቀረው ላይ "የማይፈለግ" ብሎ መፈረም። ዓርብ አስወጋጅ ኮሚቴው ወስዶ ያቃጥለዋል። አሥራ ሦስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ የማይፈለግ ብዬ ራሴ እንድፈርምበት ነው እንግዲህ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈትኩ። ሻጋታ። ቦንጋ ውስጥ ወረቀት እንደ ቅጠል ነው፤ ካልተጠቀምክበት ሻጋታ ይበቅልበታል። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ አነበብኩ፦

"ኮምፒዩተሬ ከትናንት ጀምሮ አኩርፏል።" (ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር።)

"አስቸኳይ!!! ፕሪንተሩ ወረቀት ይበላል።" (ወረቀቱ እርጥብ ነበር።)

"ፊደሉ ሁሉ ሣጥን ሣጥን ሆነብኝ።" (ይሄ እንኳ እውነት ነው። ስንቱን የአማርኛ ፊደል ጫንኩ!)

"በፍላሽ የመጣ ቫይረስ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሰወረው።" (ሪፖርቱ መቼም ተጽፎ አያውቅም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። "ቫይረሱ ተወግዷል" ብዬ ፈረምኩለት። ሰው ነኝ።)

ትንሽ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። በየቅጹ ግርጌ "ችግሩ ተፈቷል" የሚል ቦታ አለ፣ ሁሉም እዚያ ፈርሟል። አመሰግናለሁ ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አላገኘሁም። መብራት ስለሄደ በአሥር ሰዓት አቆምኩ።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ካርቶን የጋሽ አሥራት ነው። ገና ሳልከፍተው አወቅኩት፤ በሲባጎ አስረው ቋጠሮውን ሁለቴ የሚያጠብቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለ ጋሽ አሥራት እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። ለምን እንዳልጻፍኩ ሳስበው ደስ አይለኝም።

ከደሴ ገና ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዲግሪ የላቸውም። የሬዲዮ ጥገና ተምረው፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ፈተው ገጥመው የለመዱ የዚሁ አገር ሰው። ለወረዳ ባለሙያዎች በእጃቸው የጻፉት መመሪያ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ርእሱ "ከመደወላችሁ በፊት" ይላል። አንደኛ፦ መብራት አለ? ሁለተኛ፦ ገመዱ ገብቷል? ሦስተኛ፦ ማንም ሰው ነካክቶታል? እውነቱን ተናገሩ፤ አንቆጣም። አራተኛ፦ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና እንደገና ሞክሩ።

ይቺ "አንቆጣም" የምትለው እውነት ነበረች። አይቆጡም።

አንድ ግትርነት ነበረባቸው፤ ቀን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነው። ደብዳቤ ላይ ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ እሳቸው ግን ኮምፒዩተር ውስጥም እንደዚያው ናቸው። የፋይል ስም፣ የፎልደር ስም፣ ሁሉም በኛው። እኔ ከኮሌጅ በፈረንጅ ነው የለመድኩት። "ጋሽ አሥራት፣ ማሽኑ እኮ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው" ስላቸው "ማሽኑ ለማን ነው የሚሠራው? ለዋጫ ገበሬ አይደለም እንዴ? ገበሬው መቼ ጃንዋሪ ያውቃል" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ያ ነገር መጣ። በአጭሩ ልጻፈው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ መብረቅ ሰርቨሩን አቃጠለው። የዋጫ አካባቢ የመሬት ይዞታ መዝገብ እሱ ላይ ነበር። ጋሽ አሥራት "አትደንግጡ፣ ሙሉ ኮፒው ግራጫው ዲስክ ላይ አለ፤ የሞላሁት ወረቀትም አለ" አሉ። ዲስኩ ሲመጣ ውስጡ የሥልጠና ጽሑፍና ሁለት የህንድ ፊልም ብቻ ነበር። ወረቀቱም ተፈልጎ ጠፋ። ገበሬው ስንት ወር ሙሉ ምስክር እየቆጠረ እንደገና ተመዘገበ። እሳቸው "ኮፒ ሳያደርጉ አድርጌያለሁ በማለት መሥሪያ ቤቱን በማታለል" ተባረሩ።

እኛ ዘንድ ሹመትም ቅጣትም የሚነበበው ሰኞ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ነው። ጋሽ አሥራትን ከፊት አስቁመው ነው ያነበቡባቸው። "ውሸታም" የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ አልነበረም፤ ከአዳራሹ ስንወጣ ግን በሁሉም አፍ ላይ ነበር። መሸኛ አልተሰጣቸውም። ያለ መሸኛ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀጥርም። የእሳቸውን ቦታ እኔ ያዝኩ።

ዛሬ እስከዚህ ይበቃኛል።

ረቡዕ

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

"ዋጫ" የሚል ማዳበሪያ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ከዋጫ ጽሕፈት ቤት የመጣ የድጋፍ ቅጽ ጥቅል። መሐሉ ላይ የጋሽ አሥራት ጽሑፍ ያለበት የመጠባበቂያ ኮፒ መመዝገቢያ ወረቀት። እዚያው ዋጫ ሆነው ነው የሞሉት፤ ከሥራው ቅጽ ጋር እዚያው አስረው ትተውታል። ኮሚቴው የፈለገው እዚህ ዋናው ቢሮ ብቻ ነበር። ማንም ዋጫ ድረስ አልሄደም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ ሙሉ ኮፒ፣ ተፈትሾ የተከፈተ፣ ግራጫው ዲስክ ላይ። የፎልደሩ ስም ቀኑ ነው። ቀኑ ጥቅምት ነው፤ ሰርቨሩ ከመቃጠሉ አንድ ወር በፊት። ዓመቱ እንደ ልማዳቸው በኛ አቆጣጠር።

አድርገውት ነበር። ተፈትሾ ተከፍቷል።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ማንም እንዳደርግ አላዘዘኝም። ተነስቼ ሦስተኛውን ካርቶን፣ የራሴን፣ ከፈትኩ። የዚያን ዓመት የዕቃ መስጫ ቅጾች። ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የኔ ጽሑፍ፣ የኔ ፊርማ፦ "ለሥልጠና ክፍል አንድ ግራጫ ውጫዊ ዲስክ ተሰጠ። በውስጡ አንድ አሮጌ ፎልደር ስለነበረ ጸድቷል።" የፎልደሩን ስም ገልብጬዋለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፣ ምንም አልዘልም። ያው ቀን። ያው ስም።

ጋሽ አሥራት ቢታ ገነት ከተማ ለድጋፍ ወጥተው ሳለ ሥልጠና ክፍል ዲስክ ፈለገ። ግራጫውን ሰካሁት። አንድ ፎልደር አለ። የማን ሥራ እንደሆነ ሳላስብ፣ ስሙ ላይ ያለውን ዓመት እንደለመድኩት የፈረንጅ አድርጌ አነበብኩት። የኛ ከፈረንጁ ወደ ኋላ ስለሆነ የሰባት ዓመት ዕቃ መሰለኝ። እኔ ገና ተማሪ የነበርኩበት ጊዜ! ውስጡን ብከፍተው የፋይሎቹ ቀን ራሱ ይነግረኝ ነበር። አልከፈትኩም። ፎርማት አድርጌ ሰጠሁ፤ ለእሳቸውም ሲመለሱ መንገሩን እንደ ጉዳይ አልቆጠርኩትም።

ይሄም አይደለም የባሰው። ኮሚቴው ብቻዬን አስገብቶ "ዲስኩን ስትሰጪ ውስጡ ምን ነበር?" ሲለኝ "የሰባት ዓመት አሮጌ ፋይል" አልኩ። በሙሉ ልብ። ጋሽ አሥራትን ያባረራቸው የኔ ቃል ነው። የሰባት ዓመት ፋይል ካለ አዲስ ኮፒ የለም ማለት ነው። ቃሌን ለእሳቸው አላነበቡላቸውም፤ ምስክርነቱ በዝግ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። አየሁት እኮ።

ሐሙስ

ሁለቱን ወረቀቶች አቶ ዳዊት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ስነግረው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ያያል።

"መሲ፣ ይሄ ክሎዝድ ኬዝ ነው" አለ። "ከኔ በፊት ነው። ከኔ በፊት ከነበረውም በፊት ነው። ሰውዬው እንኳ አሁን የት እንዳለ ማን ያውቃል?"

"ሺሺንዳ ናቸው" አልኩ። አውቃለሁ። ለሥራ ወደ ዋጫ ስንወርድ ስንቴ አልፌ ይሆን? መንገዱ ዳር ነው ሱቃቸው። መኪናው ሺሺንዳ ሲደርስ ስልኬን አወጣና የሆነ ነገር እንደሚያነብ ሰው እሆናለሁ።

"ደግሞ ፊርማው ያንቺ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለራስሽ አስቢ። ነገ ኮሚቴው ይወስደዋል፣ በቃ።" ክፉ አይደለም ዳዊት። ሊያድነኝ ነው የፈለገው። እንዲያ ደግ ሆኖ ሲነግረኝ አንድ አፍታ ተመቸኝ፤ ይሄንንም እጽፈዋለሁ፣ ተመችቶኛል።

ከሰዓት መዝገብ ቤት ገባሁ። እትዬ ብርቄ ሁሉንም ታውቃለች፤ ሠላሳ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፣ የማንን ደብዳቤ መቼ እንዳወጣች ታስታውሳለች። አነበበች። መነጽሯን አውልቃ እንደገና አነበበች።

"አይ አንቺ ልጅ" አለችኝ። "እኔ ነኝ ያን ደብዳቤ ቁጥር የሰጠሁ። ወጪ አድርጌ የፈረምኩ። አሥራት ሲወጣ በዚህ በኩል አለፈ፣ ደህና ዋይ አለኝ፣ አልመለስኩለትም። ውሸታም መስሎኝ እኮ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ዓርብ

ኮሚቴው በሦስት ሰዓት መጣ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ የእጅ ጋሪ። "አለቀ?" አሉኝ። አለቀ አልኩ። "የማይፈለግ" እያልኩ ካርቶኑ ሁሉ ላይ ፈረምኩ። ከመመሪያው በቀር። "ከመደወላችሁ በፊት"ን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀረሁት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ራሴን።

ሁለቱ ወረቀቶች ግን ወጥተው ነበር። ጠዋት በሁለት ሰዓት እትዬ ብርቄ ጋ ነበሩ። ፎቶ ኮፒ አድርጋ በእያንዳንዱ ላይ "ከዋናው ጋር ተመሳክሯል" የሚለውን ማኅተም መታችበት። ማኅተሙን ለመምታት የኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ አልጠየቀችም።

"እትዬ ብርቄ፣ ቢጠይቁሽስ?"

"ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው። ምን ያደርጉኛል? ያንን ደብዳቤ እኔ አወጣሁ፣ ይሄንንም እኔ አወጣለሁ።" ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ዋናዎቹን ፋይል አድርጋ ቁልፍ ባለው ካቢኔ ውስጥ አስገባች። ይሄ ሳምንት ከገባ የመጀመሪያ ደስታዬ ይቺ ናት። አንድ ማኅተም።

ከጓሮ የጭሱ ሽታ መጣ። እርጥብ ስለሆነ አልነድ ብሎ ሲያጨስ ዋለ።

ቅዳሜ

ሺሺንዳ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄጄ ከሰዓት ተመለስኩ። እንዳለ ልጻፈው።

ሱቁ የቆርቆሮ በረንዳ ያለው አንዲት ክፍል ነው። "ስልክ ይጠገናል፣ ቻርጅ ይደረጋል።" ፊት ለፊቱ ገበያተኛ ማር በባልዲ ይዞ ተቀምጧል። ጋሽ አሥራት አጎንብሰው የስልክ ጀርባ ይበረብራሉ። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቀና ብለው "ስክሪን ነው?" አሉኝ።

"ጋሽ አሥራት፣ እኔ ነኝ። መሠረት።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ወንበር አወጡልኝ፣ "ከቦንጋ ነው የመጣሽው? መንገዱ እንዴት ነው?" አሉኝ። እኔ መንገዱ ደህና ነው እላለሁ።

ወረቀቶቹን ሰጠኋቸው። የራሳቸውን መጀመሪያ አነበቡ። ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እየጎተቱ።

"የኔ ጽሑፍ ነው" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ እንደሚፈልግ ሰው፣ "አድርጌው ነበር ማለት ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አድርገውት ነበር፣ ጋሽ አሥራት።"

"እኔ እኮ ትቼው ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት 'አድርጌያለሁ' እል ነበር። በኋላ... ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ፣ አንቺም ማታ ማታ ትያለሽ። ምናልባት ላደርግ አስቤ ነው ያደረግኩት የመሰለኝ አልኩ። ልቤ እንዲያርፍ።"

የኔን ወረቀት ሰጠኋቸው። አነበቡ። ዓመቱን በጣታቸው ነካኩት። እንዴት እንዳነበብኩት ነገርኳቸው። ለኮሚቴው ያልኩትንም።

"ሰባት ዓመት ነው ያልሽው?" ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ አይደለም። "አንድ ሰው ይቺን ሰባት ዓመት ቢነግረኝ እኮ በአንድ ደቂቃ አልቆ ነበር! ወዲያው አውቀው ነበር። አንድ ደቂቃ።"

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። አለቀስኩም፣ ማር ሻጩ እያየኝ።

"ይቅርታውን አስቀምጪው" አሉ። አልተቆጡም። ያ አለመቆጣታቸው ግን የድሮው አይደለም። "መጀመሪያ ይሄ ይነበብ። የኔ የተነበበበት አዳራሽ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ባለበት። አንቺው አንብቢው።"

"ይመጣሉ?"

"አልመጣም። አንዴ ቆሜበታለሁ።"

ስወጣ ስልኩን አንስተው መሥራት ጀመሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን የወጋሁት አልረሳሁም ነበር። እዚህ ላይ ገና ያልጻፍኩት ነገር አለ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብዳቤውን ጻፍኩ። አራት ጊዜ።

የመጀመሪያው አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ "በወቅቱ የነበረው የአሠራር ክፍተት" የሚል አለው። ቀደድኩት። የአሠራር ክፍተት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጥሩ ነበር። አጭር። ስህተቴን ይናገራል፣ የእሳቸውን እውነት ይናገራል። ሁለት ሰው ቢያነበው "በቃ፣ ይሄ ነው" ይላል። እኔ ግን በቃ አላልኩም። ከተባረሩ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ ከእሳቸው የቀረ ሌላ ዲስክ ላይ ፎልደር አየሁ። ስሙ ቀን ነው፣ ዓመቱ የኛ ነው። ማውሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ግራጫው ዲስክ ትዝ አለኝ፤ ግማሹ ገባኝ። ሌላውን ግማሽ እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ፎልደሩን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዩ ስኳሩ በዝቶ እንደነበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ያኔ ቦታቸው የኔ ሆኖ ነበር፣ ልጄን ያረገዝኩበት ዓመት ነበር፣ ሰበብ ሞልቷል።

ይሄን ለጋሽ አሥራትም አልነገርኳቸውም ትናንት። በስህተት የመጣ ሰው ሆኜ ሄድኩ፣ በስህተት የመጣ ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

ብጽፈው፦ ስህተት መሆኑ ይቀርና ጥፋት ይሆናል። ከደረጃ ዝቅ ሊያደርጉኝ ይችላሉ። ሊያባርሩኝም ይችላሉ፤ መሸኛ ሳይሰጡኝ። የልጄ የክፍል ጓደኞች ይሰማሉ። ሰላምታ የሚነሳኝ ይኖራል።

ባልጽፈው፦ ማንም አያውቅም።

ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ጻፍኩት። አራተኛው ላይ አወጣሁት። አሁን ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል። ለማን ነው የሚጠራው? በእኔ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው የጠራው፣ እሱም ኮሚቴ እንዳያቃጥለው ብዬ።

ሰኞ

ሦስተኛውን አነበብኩ።

አቶ ዳዊት አጀንዳውን ሲጨርስ "ሌላ የሚባል ነገር አለ?" ይላል፣ ሁልጊዜ የለም ነው መልሱ። እጄን አወጣሁ። አየኝ፣ ምን እንደሆነ አወቀ፣ "መሲ፣ ከስብሰባ በኋላ ብንነጋገር" አለ። እትዬ ብርቄ ከኋላ "ታንብብ!" አለች። ሠላሳ ዓመት አዳራሽ ውስጥ ድምፅ አሰምታ አታውቅም። አንብቢ ተባልኩ።

ቆሜ አነበብኩ። ጋሽ አሥራት ሙሉ ኮፒ አድርገው እንደነበር። ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ። ለኮሚቴው የተናገርኩትን። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ሻዩም ጭምር። አንድ ወጣት የሰው ኃይል ባለሙያ ጎረቤቱን "ማናቸው ጋሽ አሥራት?" ሲለው ሰማሁ። ሌላው ትከሻውን ሰበቀ።

ጨረስኩ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሰደበኝም። አቶ ዳዊት "ጉዳዩ ለሚመለከተው ይመራል፤ ወይዘሮ መሠረትም በጽሑፍ ምላሽ ይሰጣሉ" አለ። እርስዎ ሆንኩ በአንዴ። ሰው ወጣ። በሩ ላይ አንዷ ዓይኗን ከእኔ አዞረች። ሌላዋ እጄን ያዝ አድርጋኝ አለፈች። ለምን እንደያዘችኝ አላውቅም።

ከቢሮ ስወጣ ጋሽ አሥራት ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቅዳሜ ያልነገርኳቸውንም። ስልኩ ላይ የሺሺንዳ መኪና ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ማን ማን ነበር?"

"አዳራሹ ሞልቶ ነበር።"

"እሱን አይደለም። የኔ ሲነበብ ከነበሩት።"

ቆጠርኩ። እትዬ ብርቄ። ዘበኛው። ሾፌሩ። እኔ። አራት ነን አልኳቸው።

"አንቺን ቀንሺ።"

ሦስት።

"ያኔም አዳራሹ ሞልቶ ነበር" አሉ። "ቦታ አጥተው በር ላይ ቆመው የሰሙ ነበሩ። ሌሎቹ የት እንደደረሱ ታውቂያለሽ?"

"አንዳንዶቹን።"

"እንግዲህ" አሉ፤ ዘጉት።

እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ለኔ አላዘነችልኝም፣ ጥሩ አደረገች። ወረቀት አወጣችና ያኔ አዳራሽ የነበሩትን ስም ትጠራ ጀመር፣ እኔ እጽፋለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ዋጫ ነው። የፕላን ባለሙያዋ ቢታ ገነት ተዛውራ እዚያው አገባች። ሁለቱ ጅማ። አንዱ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ቦንጋ የመኪና መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። ሦስቱ የት እንደገቡ ማንም አያውቅም። እሷ እያስታወሰች ገጹ ሞላ፣ ገለበጥነው።

ያን ደብዳቤ አዳራሽ ቆመው ያነበቡት የዚያን ጊዜ ኃላፊ አምና ሞተዋል። ስማቸውን ልሰርዘው ስል እትዬ ብርቄ እጄን ያዘችኝ።

"ሚስትየው አለች። አሥራት ውሸታም ነው ብሎ ቤቱ ገብቶ ሳይነግራት የቀረ ይመስልሻል? የአሥራት ሚስትና እሷ ጓደኛ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸው በአንዳቸው ደጅ አላለፉም።"

የኃላፊውን ቤት አውቀዋለሁ፣ ከኛ ሠፈር ቁልቁል ነው። ነገ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። ከስማቸው ጎን "ነገ" ብዬ ጽፌያለሁ። ሚስታቸው በሩን ሲከፍቱልኝ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።